የፊላ ሰላጤ ግሳት

በፊላ ከተማ ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደራችሁ» መባባል ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሚባለው «ላይ አደራችሁ?» ነው፤ መልሱም «ላይ ነን፣ ተመስገን»። ምድር ቤት የሚኖሩት እንኳ ይህንኑ ይመልሳሉ። ሰላምታ ነውና ወርዶ የሚያጣራ የለም።

እናንዬ የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ልትሄድ ደረጃውን ስትወርድ፣ ምድር ቤት የምትኖረው ማንጠግቦሽ የበሯን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል አገኘቻት። በበሩ ዙሪያ የተለጠፈው ላስቲክ አቧራ ከያዘ አይገጥምም፤ ካልገጠመ ደግሞ አየሩ ይገባል። ስለዚህ በፊላ ያለ ሰው ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ላስቲኩን ያጥባል።

«ላይ አደራችሁ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ?»

«ላይ ነን እናኑ፣ ተመስገን። ማስጠንቀቂያው ዛሬም ቢጫ ነው አሉ።»

«ቢጫውንማ ለመድነው።»

«እሱስ ለመድነው። ጋሽ ካሳሁን ግን ደረቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞት አደረ። ባሕሩ ሊያገሳ ሲል የእሱ ሳል ይቀድማል፤ ታውቂ የለ።»

ከውስጥ የካሳሁን ድምፅ መጣ። «አታስፈራሪያት! ሴትዮዋ ሥራዋ ትሂድ!» አለ፤ ወዲያው ሳሉ አቋረጠው።

ካሳሁን ግንበኛ ነበር። በዳር መንገዱ ላይ ከተደረደሩት ሆቴሎች አንዱ ሲገነባ ከመወጣጫው ወድቆ ከወገቡ በታች ሰለለ። ሆቴሉ ዛሬ እስከ ሦስተኛ ፎቁ ድረስ ባዶ ነው። ካሳሁን ደግሞ ደረጃ መውጣት ስለማይችል ምድር ቤት ተሰጠው። አሳንሰር አለ፤ ነገር ግን የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ሲነፋ አሳንሰሩ ራሱን ይዘጋል። ስለዚህ ባሕሩ ባገሳ ቁጥር እናንዬና ልጇ ማህደር ካሳሁንን ከነወንበሩ አንስተው ወደ ላይ ያወጡታል። እናንዬ ሥራ ላይ ከሆነች ማህደርና ማንጠግቦሽ ተጋግዘው ያወጡታል፤ ማንጠግቦሽ ጉልበቷ ስለደከመ በየመታጠፊያው ያርፋሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁልጊዜ ደርሰው ነበር።

ማህደር ለእነሱ ልጃቸው ናት ማለት ይቻላል። እናንዬ ባሏ ከሞተ በኋላ ሰላጤውን በዘጋው ግድብ፣ በክትሩ ላይ ተቀጥራ ስትውል፣ ሕፃኗን አዝላ ያሳደገችው ማንጠግቦሽ ነች። ማህደር አፏን ስትፈታ መጀመሪያ የጠራችው ማንጠግቦሽን ነበር፤ እናንዬ ይህን ሰምታ እንደ ቀናችም እንደ ሣቀችም ታስታውሳለች።

«ማታ እመጣለሁ፤ መድኃኒቱን ይዤ» አለች እናንዬ፣ ማስኳን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየወጣች።

«ሂጂ በሰላም ያግባሽ» አለቻት ማንጠግቦሽ።

ፊላ ስሟን ያገኘችው በዳሯ ይበቅል ከነበረው ፊላ ነው። ዛሬ ተክሉ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። የእናንዬ አባት በዚሁ የጣና ሰላጤ በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሯል፤ ለውጡን ያየው እሱ ነው። መጀመሪያ ደንገሉና ፊላው ተመነጠረ፤ ለሕዝቡ የሚዝናናበት የዳር መንገድ ያስፈልግ ነበርና። ቀጥሎ የውሃው ዳር በአፈርና በድንጋይ ተደለደለ፤ ለሆቴሎቹ ቦታ ያስፈልግ ነበርና። ከዚያ የፋብሪካውም የመጸዳጃውም ፍሳሽ ወደ ሰላጤው ተለቀቀ፤ ማጣሪያው እስኪሠራ ብቻ ተብሎ። ማጣሪያው ሲያልቅ ከተማዋ አድጋ አልፋው ነበር። ከዚያ እንቦጭ መጣና ታንኳውንም መረቡንም ዋጠው። እንቦጩን ለመከላከል በሰላጤው አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ክትር ተገነባ። እያንዳንዱ ሥራ ሲሠራ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም ሁሉ ደህና ምክንያት ነበር።

ክትሩ ከተዘጋ በኋላ ሰላጤው ለጥቂት ዓመታት መስተዋት መሰለ። ሙሽሮች ከሩቅ አገር እየመጡ ፎቶ ተነሡበት። ነገር ግን ውሃው ቆሟል። ከተማዋ የጣለችው ሁሉ ከሥር እየረጋ ጥቁር ጭቃ ሆነ፤ ጭቃው ውስጥ ውስጡን ፈላ፤ አንድ ቀን ባሕሩ አገሳ፤ መርዛም አየር ተፋ። ሰው የሞተው በየምድር ቤቱ ነው፤ ሳይጮኽ፣ ሳይሮጥ፣ እንደተቀመጠ። በሕይወት የተረፉት በማግስቱ ያንገታቸው የብር መስቀል ከሰል መስሎ አገኙት። ከዚያ ወዲህ በፊላ ብር የሚያስር የለም። የበሰበሰ እንቁላል ሽታም ማንንም አያስደነግጥም። ልጆች ገና በሕፃንነታቸው የሚማሩት አንድ ነገር ነው፦ ሲሸት አትፍራ፣ ሽታው ሲጠፋ ሩጥ፤ አየሩ ሲበረታ አፍንጫን ያደነዝዛልና።

መላ የተገኘለት በክትሩ በር ነበር። ባሕሩ ሲያገሳ የክትሩ በር ይከፈትና ክፉው ውሃ ከነአየሩ ወደ ዋናው ባሕር ይወጣል፤ ከተማዋ ትተነፍሳለች። በሩ በፊት ራሱን በራሱ ይከፍት ነበር። አንድ ጊዜ ጎብኚዎችን የጫነች ጀልባ ከፊቱ ሳለች ተከፈተና ፈጃቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ማሽን ሊከሰስ ስለማይችል በሩ ከእንግዲህ በሰው እጅ ብቻ እንዲከፈት ተወሰነ። በተራዋ ቀን እናንዬ ያ የሰው እጅ ናት።

የሥራ ቦታዋ በክትሩ መካከል ያለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ነው። በአንድ ወገን ሰላጤውና ከተማው፣ በሌላው ወገን እስከ አድማስ የተዘረጋው እንቦጭ ይታያል። ያኛው ወገን አሁን ውሃ አይባልም። እንቦጩ በእንቦጭ ላይ እየበቀለ፣ የሞተው እየተነባበረ፣ ሰው የሚቆምበት ምንጣፍ ሆኗል። ዳሩ ሲደለደል ከቦታቸው የተነሡት ዓሣ አጥማጆች መጀመሪያ መረባቸውን ሊያሰጡበት ወጡ፤ ቆይተው ጎጆ ቀለሱበት። ምንጣፉ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይሄዳል፣ ሰፈሩም አብሮት ይሄዳል። በሰላጤው አስተዳደር ካርታ ላይ ቦታው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ነዋሪ የለበትም። ነዋሪ ለሌለበት ቦታ ደግሞ ጡሩምባ አይተከልም።

የእናንዬ ታላቅ ወንድም አንሙት እዚያ ነው የሚኖረው።

ብዙ ጊዜ ሰፈሩ ከክትሩ ርቆ እንደ ጭጋግ ነው የሚታየው። ያን ዕለት ጠዋት ግን ነፋሱ ከሰሜን ነፍሶ ምንጣፉን አምጥቶ ከክትሩ ጋር አጣብቆት ነበር። እናንዬ ክፍሏ ገብታ ቁልቁል ስታይ፣ ጎጆዎቹ ከበሩ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። በፍየሎች መካከል አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። አንሙት ከጎጆው ደጃፍ ቆሞ እጁን አውለበለበ።

«እታለም! ገመድ ወርውሪልኝ!»

«ወንድምዓለም! እዚህ ምን ታደርጋላችሁ? በሩ ሥር እኮ ናችሁ!»

«ነፋሱን ጠይቂው! እኛ መች ፈቅደን መጣን?» ሣቀ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ ከልሎ ጮኸ። «እንጉዳይ ወለደች! ወንድ ነው! ማዕበሉ እንዳያንገላታት ምንጣፉን ከክትሩ ብረት ጋር አስረነዋል፤ ብርታት እስክታገኝ ነው!»

እንጉዳይ የአንሙት ልጅ ናት። እናንዬ ደስታውም ድንጋጤውም ባንድ ላይ መጣባት።

«ምነው ጤና ጣቢያ ብትወስዷት!»

«ወስደናት ነበር፤ አድራሻ አሏት። ምን ትበል? እንቦጭ?»

እናንዬ ገመዱን ጣለችለት። አንሙት አንድ ትልቅ አምባዛ በቅጠል ጠቅልሎ አሰረላትና ላከላት። በውጪው ውሃ የሚኖር ዓሣ አምባዛ ብቻ ነው፤ አየር ከላይ መሳብ ስለሚችል። አንሙትና ጎረቤቶቹ በቀፎ እያረቡ በእሱ ይተዳደራሉ። እናንዬ ዓሣውን ተቀብላ ወለሉ ላይ አኖረችው። «ዛሬ ቢጫ ነው፤ ወዲያ ራቁ» ልትለው አፏን ስትከፍት ራዲዮው ጮኸ።

«እትዬ እናንዬ፣ ይሰሙኛል? ቀይ ሆኗል።»

የተራው ኃላፊ ኢንጂነር ኖላዊ ነበር። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ትእዛዝ ሲሰጥ እንኳ አንቱ ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

እናንዬ ወደ ሰላጤው ዞረች። ከመሀል ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስል ውሃው ነጥቷል። ነጩ እየሰፋ፣ በዙሪያው አረፋው እየተፍለቀለቀ ወደ ዳር መንገዱ ይገፋል። ከከተማው የጡሩምባው ድምፅ ተነሣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከተማው ሁሉ ልክ እንደ ደወል የለመደው። አሁን ሰው በየደረጃው እየሮጠ ነው። ማህደር ወደ ምድር ቤት እየወረደች ነው። ማንጠግቦሽ የካሳሁንን እግር በብርድ ልብስ እየጠቀለለች ነው። እናንዬ ይህን ለማወቅ ማየት አያስፈልጋትም ነበር።

«በሩን ይክፈቱት» አለ ኖላዊ።

እጇ እጀታው ላይ ነበር። ቁልቁል አየች። ልብስ የምታሰጣው ሴት እጇን ከግንባሯ አድርጋ ወደ ጡሩምባው ድምፅ ታያለች። ከአንሙት ጎጆ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል ወይስ መሰላት፣ በኋላም ቢሆን አላወቀችውም።

እጀታውን ለቀቀችና መስኮቱን በረገደችው። «ንቀሉ! ሊከፈት ነው! ገመዱን ቁረጡ!»

አንሙት ቀና ብሎ አያት። ማጭዱን አንስቶ ሮጠ። ወንዶቹ ከየጎጆው ወጡ። ገመዶቹን መቁረጥ ቀላል ነበር። ነፋሱ ግን ምንጣፉን ወደ ክትሩ ይገፋል፤ በረጃጅም ቀርከሃ ግድግዳውን እየገፉ ወደ ጎን፣ ከበሩ አፍ እንዲርቅ ማንሸራተት ነበረባቸው። ሴቶችም ልጆችም ገቡበት። ሥሩ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የመንደር ያህል ሣር ነው የሚገፉት።

«እትዬ እናንዬ? አልተከፈተም።»

«እጀታው አልዞር አለኝ» አለች። የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

«የእጅ ማንሻውን ይሞክሩት።»

«እየሞከርኩ ነው።»

ማንሻው በስተቀኟ ነበር፤ አልነካችውም። ነጩ ውሃ የዳር መንገዱን ሲነካ አየች። መንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ከረገፉ ቆይተዋልና አየሩ ሲያልፍ የሚንቀሳቀስ ቅጠል የለም። ምንም አይታይም። ያ ነው የሚያስፈራው።

«አየሩ የዳር መንገዱን አልፏል» አለ ኖላዊ። «እትዬ እናንዬ፣ ምድር ቤቶቹ ላይ ደርሷል።»

«ኢንጂነር፣ ውጭ ሰው አለ።»

በመስኮቱ ቁልቁል አየች።

«በሩ አፍ ላይ ናቸው። አራስ አለች። አሁን ብከፍተው—»

«እትዬ እናንዬ» አላት፣ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል። «እኔ የሰማሁት እጀታው አልዞር አለ የሚለውን ነው። ሲዞርልዎት ይንገሩኝ።»

ራዲዮው ክፍት ሆኖ ቀረ። ትንፋሹ ይሰማታል። እናንዬ በሁለቱ መስኮቶች መካከል ቆማ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስትዞር ቆየች። ከዚያ ወደ ከተማው የሚያየውን መስኮት ጀርባ ሰጠችው። ይህን ያደረገችው አስባበት አይደለም፤ ሁለቱንም ማየት ስላልቻለች ነው። በኋላ ግን ከሁሉ አብልጦ ያሳደዳት ይህ ነበር።

የመጨረሻው ጎጆ ከበሩ አፍ ሲያልፍ እጀታውን አዞረችው። እንደ ሁልጊዜው ያለምንም ችግር ዞረ።

ውሃው እያጓራ ወጣ፤ ቢጫ፣ ከዚያ ጥቁር። እንቦጩን እንደ ጨርቅ ቀደደው። የዓሣ ቀፎዎቹ እየተገለበጡ ተከታትለው ሄዱ። ምንጣፉ ላይ ያሉት ሰዎች በእርጥብ ነጠላ ፊታቸውን ሸፍነው ተደፍተው ነበር፤ ከውሃው መንገድ ወጥተው ነበርና ተረፉ። አንሙት ብድግ ብሎ እጁን ሲያነሣ አየችው። መልሳ አላውለበለበችም።

ወደ ከተማው የሚመልሰው አውቶቡስ አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ክትሩ ላይ ቆየ። ስትደርስ ሰው ከየፎቁ እየወረደ፣ መስኮት እየከፈተ፣ ስለ ገበያው እያወራ ነበር። በሕንፃዋ በር ላይ ግን ሰው ተሰብስቧል።

የካሳሁን ወንበር ከመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ በጎኑ ወድቋል። ሁለቱንም አንሶላ አልብሰዋቸዋል። ማንጠግቦሽ የወደቀችው ከእሱ በታች ባለው ደረጃ ላይ ነው፤ ወንበሩን ከሥር ደግፋ ይዛ ነበርና። ማህደር ሁለተኛ ፎቅ መተላለፊያ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደም መስሏል። ጎረቤት በሩን ከፍቶ ጎትቶ አስገብቷት ነው የተረፈችው።

«እማዬ» አለች በሻከረ ድምፅ። «ሽታው ጠፋ። ወንበሩን ልልቀቀው ስላት አይሆንም አለችኝ። 'አሁን ይከፈታል፣ እናኑ አለች እዚያ፣ አሁን ትከፍተዋለች' ትለኝ ነበር።»

እናንዬ አቀፈቻት። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

በፊላ የለቅሶ ድንኳን በመሬት ላይ አይተከልም። ለቅሶው የተቀመጠው በሦስተኛ ፎቅ አዳራሽ ነው። ከሌሎች ምድር ቤቶች የሞቱም ነበሩና አዳራሹ በተራ ተከፋፈለ፤ በአንዱ ማእዘን ሲለቀስ በሌላው ንፍሮ ይታደላል። ሐኪሙ ማህደርን አይቶ ሳንባዋ ይድናል፣ አፍንጫዋ ግን ማሽተት አይመለስለትም አለ። በሌላ ከተማ ቢሆን ይህ ትንሽ ነገር ነው። በፊላ ግን የማያሸት ሰው ብቻውን እንዲተኛ አይፈቀድለትም።

ኢንጂነር ኖላዊ ለቅሶ መጣ። ከእናንዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«በሩ የዘገየው በእጀታው ዝገት ነው ብለናል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዝገት እንዳልነበረ ያውቃሉ።»

«ዝገት ካልሆነ ውጭ ሰው ነበረ ማለት ነው። ውጭ ሰው ካለ ደግሞ ከዚህ በፊት በከፈትነው ሁሉ ልንጠየቅ ነው። አስተዳደሩ ያን አይፈልግም።» ቀና ብሎ አያት። «እኔም እንቅልፍ የለኝም፣ እትዬ እናንዬ። ያጽናዎት።»

ተነሥቶ የማህደርን እጅ ጨብጦ፣ «ያጽናሽ» ብሏት ወጣ። ማህደር ትህትናውን አመሰገነች። እናንዬ በዚያች ቅጽበት ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ሰው ገባ፤ ተወችው። በማግስቱም ተወችው። እያደር ዝምታው ራሱ እንደ ውሸት ከበዳት፤ ግን ዕለት ዕለት ትላንት አልነገርኳትም የሚለው ይጨመርበታል፣ እየከበደ ይሄዳል። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እጀታው ተቀባ፣ ተፈተሸ፣ ደህና ነው ተባለ።

የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ የውጮቹ ሰዎች ወደ ከተማው መግባት ጀመሩ። ከዚያ ዕለት ወዲህ በውጪው ውሃ አምባዛ እንኳ አልተገኘም። ምንጣፉም ከሥሩ እየበሰበሰ እግር የሚያሰጥም ሆነ። አስተዳደሩ ከየት መጣችሁ ሳይል ተቀበላቸው፤ ባዶ የቀሩ ምድር ቤቶች ነበሩና ለእነሱ አከፋፈላቸው።

አንሙት የእናንዬን በር ያንኳኳው እሑድ ቀትር ላይ ነው። የከፈተችለት ማህደር ናት። እጁ ላይ ቁልፍ ይዟል። የከተማውን ሰላምታ ስላላወቀ፣ «እንዴት ሰነበታችሁ፣ ልጄ» አለ።

«አጎቴ!» ማህደር ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። «ይግቡ፣ ይግቡ። እንጉዳይስ? ሕፃኑስ?»

«ደህና ናቸው፣ ታች ዕቃ እያስገቡ። እዚሁ ሕንፃችሁ ሥር ነው የሰጡን።» ተቀምጦ ዙሪያውን አየ፤ ሣቅ ሣቅ አለው። «ዕጣ ነው መቼም፣ ከእኅቴ እግር ሥር! የትኛው ቤት ብላቸው ደረጃው አጠገብ ያለው አሉኝ።»

እናንዬ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። የትኛው ቤት እንደሆነ ገብቷታል። ማህደርም ገብቷታል፤ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ።

አንሙት ተነሥቶ እኅቱን አቀፋት። ረጅም ጊዜ ይዟት ቆየና ወደ ማህደር ዞረ። «የሕፃኑን ስም ሰምተሻል? አቆየኝ አልነው። የናትሽ ስጦታ ነው።»

«አቆየኝ? እንዴት?»

«አልነገረችሽም? እሷማ መች ታወራለች!» አለ አንሙት፣ እጁ በእኅቱ ትከሻ ላይ እንዳለ። «በሩ አፍ ላይ ነበርን እኮ። ጡሩምባው ሲነፋ እስክንርቅ ድረስ በሩን ይዛ አቆየችልን። እሷ ባትይዘው ኖሮ ዛሬ ከመካከላችን አንድ ሰው አይተርፍም ነበር።»

አንሙት አንድ ነገር እንደ ሰበረ ሰው ከአንዷ ወደ አንዷ አየ።

«ይዘሽ ነው?» አለች ማህደር። «ዝገት አይደለም?»

«አይደለም» አለች እናንዬ።

«እኔ ደረጃው ላይ መሆኔን ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ትደርሳላችሁ ብዬ…» አልጨረሰችውም። ውሸት ነበርና። ይደርሳሉ ብላ አልነበረም፤ አላሰበችም፣ ጀርባዋን ነበር የሰጠችው። «ልጄ፣ እዚያም ሕፃን ነበር» አለች በመጨረሻ።

አንሙት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ማን ነበር ቤቱ ውስጥ?» ብሎ ጠየቀ። ማህደር ቁልፉን አየችና ወደ ታች ወደ ደረጃው አመለከተች። ነገሩ ገባውና ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ። «አይ እታለም… ምነው ባታይኝ ኖሮ። ምነው ያን ዕለት ነፋሱ ወዲያ በወሰደን።» እያለቀሰ ወደ በሩ ሄደ። «እኔ እዚያ ቤት አልገባም። በሰው ሬሳ ላይ ልጅ አላሳድግም።»

«የት ይሄዳሉ?» አለችው ማህደር።

አንሙት ቆመ። የሚሄድበት አልነበረም። ወደ ኋላ የሚመለስበት ምንጣፍ በስብሷል፤ ወደ ፊት ያለው ከተማ የሰጠው ቤት አንድ ነው።

ማህደር ተነሣች። የእጅ ውሃ አምጥታ አጎቷን አስታጠበችው፤ ምሳ አቀረበችለት፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪጎርስ ጠበቀች። ለእናቷም አቀረበች። ሳህኑን ስታስቀምጥላት ግን ዓይኗን አላነሣችም። እናንዬ አንድ ጉርሻ አነሣች፤ እንደያዘችው ቀረች።

«ይነሡ፣ እንጉዳይና ሕፃኑ ብቻቸውን ናቸው» አለች ማህደር ምሳው ሲያበቃ። ከመደርደሪያው አዲስ የላስቲክ ጥቅል አወረደች። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ ወሰደች። ሁለቱ ወረዱ።

እናንዬ ተከትላቸው ወጥታ ከደረጃው ራስ ላይ ቆመች፤ ከዚያ አልወረደችም። ከታች የበሩ ሲጢጥታ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የላስቲክ መቀደድ ይሰማታል። የማህደር ድምፅ ረጋ ያለ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንዳለበት፣ ጥጉ ላይ ጠበቅ ማለት እንዳለበት እያስረዳችው ነው።

«ጡሩምባው ሲነፋ ምን እናድርግ?» አለ አንሙት።

«ሕፃኑን ይያዙና ይውጡ» አለች ማህደር። «በሩ ይከፈታል ብለው ማንንም እንዳይጠብቁ፣ አጎቴ። እናቴንም ቢሆን።»